ሽማግሌ ያልመለሱት የወይዘሮ የትነበርሽ አዳነ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የትነበርሽ አዳነ ከአባታቸው ከአቶ አዳነ ውቤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናኑ ፈንቴ በጥቅምት ወር 1950 ዓ.ም. ከጎንደር በስተሰሜን በምትገኘው በድብ ባሕር ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተወለዱ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሰውአገኝ አዳነ በአምስት ዓመት ይበልጧቸው ነበር። በአገሩ ልማድ «አያ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ከአባታቸው ቀጥሎ የሚፈሯቸውም የሚመኩባቸውም እሳቸው ነበሩ።

በልጅነታቸው አውድማ ጠብቂ ተብለው እንቅልፍ ጣላቸውና ከብት ገብቶ ጤፉን አበላሸው። አባታቸው ልምጭ ይዘው ሲመጡ አያ ሰውአገኝ «የተኛሁት እኔ ነኝ» ብለው ግርፊያውን ተቀበሉላቸው። ይህን ታሪክ እናታችን ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲያወሩት ስለኖሩ እኛ ልጆቻቸውም በቃላችን እናውቀዋለን። እዚህ ያሰፈርኩት ለማሳመሪያ አይደለም፤ የኋላው ነገር ለምን እንደዚያ እንዳመማቸው እንዲታወቅ ነው።

ይህን የምጽፈው ሴት ልጃቸው ምንዳዬ መዝሙር ነኝ። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሟች ሁሉ ደግ፣ ዘመድ ሁሉ አሳቢ፣ ኑሮው ሁሉ የሰመረ ነው። እናታችን ግን «የሠራሁትን ብቻ አትጻፊ፤ የቀረብኝንም ጻፊው» ብለውኛል። ስለዚህ የቀረባቸውንም እጽፋለሁ። የሚቀየም ሰው ቢኖር እኔን ይቀየም፤ እሳቸው ከመቀየምም ከማስቀየምም አርፈዋል።

በ1966 ዓ.ም. ከአቶ መዝሙር ካሳ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ጎንደር ከተማ ገቡ። አባታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። በሠርጉ ማግሥት አያ ሰውአገኝ እኅታቸው በሰው አገር እንዳይከፋቸው ብለው በጭነት ማኪና ላይ ተሳፍረው ጎንደር ድረስ ተከተሏቸው። ሦስት ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሰፈሩን፣ ጎረቤቱን፣ የሙሽራውን ጠባይ ሲመረምሩ ከቆዩ በኋላ «ሸጋ ነው፤ እዚህ ትኖሪያለሽ» ብለው ወደ ቀያቸው ተመለሱ።

እናታችን በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ አምሐን አዝለው፣ ማታ ማታ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተምረው በ1972 ዓ.ም. የምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲያ የተጻፈ ነገር ሳያነቡ አያልፉም ነበር። የመድኃኒት ካርቶን፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የሰው የመቃብር ድንጋይ ሳይቀር ቆመው ያነቡ ነበር።

አባታችን በ1988 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ብቅልና ጌሾ በመነገድ ሁለታችንን አሳድገዋል። በገበያው ውስጥ የሚታወቁት በአንድ ጠባይ ነው። ገዢ መጥቶ «ይህን ያህል ስፈሪልኝ» ቢል አይሰፍሩም። «ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ለሠርግ ነው? ለተዝካር ነው? ስንት ሰው ይመጣል? ቄሶች አሉበት? ከዚያ «ይህ ሁሉ ጌሾ አያስፈልግሽም፤ ጠላው ይመርብሻል» ብለው ከጠየቀችው አሳንሰው ይሰጧታል። ጎረቤቶቻቸው በነጋዴነታቸው ይስቁባቸው ነበር። ገዢዎቻቸው ግን እስከ መጨረሻው ሌላ ሱቅ አልሄዱም።

ወንድሜ አቶ አምሐ መዝሙር በ1969 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ሕግ ተምረው ተመረቁና በ1999 ዓ.ም. የጥብቅና ፈቃድ አውጥተው ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ከፈቱ። እናታችን የዚያን ዕለት ሱቃቸውን ዘግተው ቢሮውን ሊመርቁ ሄዱ። ወንበሩ ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ካዩት በኋላ «ሰው እዚህ የሚመጣው ሲጨንቀው ነው፤ እንግዳህን ቶሎ አታስነሳ» ብለው መከሩ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ጠበቃ አምሐም ነበሩ።

አያታችን ወይዘሮ እናኑ በ1997 ዓ.ም. ሊያርፉ ሲሉ ሁለቱን ልጆቻቸውን አስቀርበው «መሬቱን የሚያርሰው ይረሰው፤ ስማችሁ ግን አይለያይ» ብለው ነበር። እናታችን ከተማ የሚኖሩ ነጋዴ ስለነበሩ ማረስም አላማራቸውም። እርሻውን አያ ሰውአገኝ ይዘውት ኖሩ። እናታችን አንድ ቀንም ስለ ምርቱ ጠይቀው አያውቁም። በኅዳርና በሰኔ ሚካኤል ብቅልና ጌሿቸውን ጭነው ድብ ባሕር ይሄዳሉ፤ ድግሱ ከወንድማቸው ቤት ይደገሳል፤ ሲመለሱ የወንድማቸው ሚስት ያስቋጠሯቸውን ሽንብራ ለሰፈር ያድላሉ። መሬቱ ለእሳቸው ይህ ነበር።

በጥር ወር 2009 ዓ.ም. መሬት እንደገና ተለክቶ አዲስ የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ሲል የባለይዞታዎች ዝርዝር በቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እናታችን ለጥምቀት እዚያው ነበሩና እንደ ልማዳቸው ቆመው አነበቡ። የአባታቸውና የእናታቸው መሬት በአቶ ሰውአገኝ አዳነ ብቻ ተመዝግቧል፤ ሌላ ልጅ ወይም ወራሽ በሚለው ቦታ «የለም» ተብሎ ተጽፏል። ተሳስቶ ይሆናል ብለው የመሬት ኮሚቴውን ጠየቁ። ኮሚቴውም ቃሉን የሰጡት አቶ ሰውአገኝ ራሳቸው መሆናቸውን፣ «ከእኔ በቀር ልጅ የለም» ብለው ማስመዝገባቸውን ነገራቸው።

እናታችን ወንድማቸው ቤት ሳይገቡ በመጀመሪያው አውቶቡስ ጎንደር ገቡ። በሩን ከፍቼ ሳስገባቸው የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ «ሳልሞት ሞተች አሉኝ»።

አቶ ሰውአገኝ ይህን ለምን እንዳደረጉ ያወቅነው ብዙ ዘግይተን ነው። በዚያን ጊዜ በአገሩ «የከተሜ ስም የገባበት መሬት ይወሰዳል» የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ፈርተው ነው ያደረጉት። ፍርሃት ጥፋትን ጽድቅ አያደርገውም፤ ግን ይህን በጊዜው የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

እናታችን ወደ ልጃቸው ቢሮ የሄዱት በሳምንቱ ነው። የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። የተናገሩት በጆሮዬ ውስጥ አለ። «መሬቱን ተወው። አያ እዚያው ኮሚቴ ፊት ቆሞ 'እኅት አለችኝ' ይበል። ሌላ አልፈልግም።» ጠበቃ አምሐም በትዕግሥት አስረዷቸው፤ «እማዬ፣ ፍርድ ቤት 'እኅት አለችኝ በል' ብሎ ሰውን አያዝም። ድርሻሽን ግን ያስከብርልሻል። ድርሻሽ ከተከበረ ልጅነትሽም ተረጋገጠ ማለት ነው።» የተማረ ሰው ንግግር ነው፤ ስሕተት አይወጣለትም። እናታችን ዝም አሉ። ዝምታቸውን እኛ እሺታ አደረግነው።

የውክልናውን ወረቀት ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሁሉንም አላነበብኩም። «መደራደር፣ መታረቅ፣ ክስ መቀጠልና ማቋረጥ ይችላል» የሚለውን መስመር ዓይኔ አይቶት እየሮጥኩ አልፌዋለሁ፤ የልጃቸው እጅ ነው፣ ምን ያሳስባል ብዬ። እናታችን በራሳቸው እጅ ፈረሙ። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

ክሱ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተከፈተ። የክሱ ግልባጭ እጃቸው ሲገባ እናታችን ስማቸው አጠገብ «ከሳሽ»፣ ወንድማቸው ስም አጠገብ «ተከሳሽ» የሚለውን አነበቡና ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ይዘው ተቀመጡ። «መቼ ከሰስኩት?» አሉ። ጠበቃ አምሐ የሕግ አጻጻፍ መሆኑን ነገሯቸው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ለተከሳሽና ለቀበሌው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፉ፤ ከደንበኛቸው ጋር የሚደረግ ማንኛውም ንግግር በጠበቃቸው በኩል ብቻ እንዲሆን የሚያሳስብ ነው። ደንበኛ የተባሉት የወለዷቸው እናታቸው ናቸው።

ክሱ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። ጠበቃ አምሐ ደከሙ፤ ይህን አልክድም። ምስክር ፍለጋ በዝናብ ሄደዋል፣ ሌላ ሥራ ትተዋል፣ በአገልጋይነት ማንም የማይወቅሳቸው ሰው ነበሩ። የማሸነፍ ነገር ሲሆን እንቅልፍ የላቸውም። እናታችን በየቀጠሮው መልስ «ምን ሆነ?» ሲሉ «ጥሩ ነው፤ እያሸነፍን ነው» ይሏቸዋል። ምን እንደሚያሸንፉ እናታችን አልገባቸውም ነበር። ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ይነግሯቸው ነበር። ግን ጌሾ ሲሰፈር የሚጠየቀው ጥያቄ በዚያ ሁሉ መዝገብ ውስጥ አንድ ቀን አልተጠየቀም።

አሁን የምጽፈው ዛሬ ለአርባቸው ለተሰበሰባችሁ ለድብ ባሕር ሰው ሁሉ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ እናታችን የተነገረ ነገር ነበረ፤ እውነቱ እንደሚከተለው ነው።

በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም. አቶ ሰውአገኝ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ እኅታቸው ላኩ። መሪያቸው ዛሬም እዚህ የሚገኙት አያ ቢያድግልኝ ናቸው። የላኩት ቃል ይህ ነበር፤ «በደልኋት። ለሰኔ ሚካኤል ትምጣልኝ። ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡና በኮሚቴው ፊት ቆሜ እኅቴ መሆኗን እናገራለሁ፤ ስሟንም ከስሜ ጋር አስገባለሁ። ክሱ ይቅርልኝ።»

እናታችን የፈለጉት፣ ከፈለጉት ሳይጎድል ሳይተርፍ፣ በሦስት ሽማግሌ አፍ ጎንደር ድረስ መጥቶላቸው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ግን ደብዳቤው ንግግር ሁሉ በጠበቃ በኩል ይሁን ስለሚል፣ ሕግ አከብራለሁ ብለው እናታችን ቤት አልሄዱም። በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄዱ። ቢሮው የልጃቸው ነው፤ ለልጇ መንገር ለእሷ መንገር ነው ብለው አሰቡ። ማንም የአገራችን ሰው ይህንኑ ያስብ ነበር። ጠበቃ አምሐ በክብር ተቀበሏቸው፣ ለስላሳ አስከፈቱላቸው፣ ቃላቸውን ጨርሰው ሰሙ። ከዚያም «ጉዳዩ በፍርድ ቤት ተይዟል፤ የሚባል ነገር ካለ እዚያ ይባላል» ብለው ሸኟቸው። ምስክር ተሰምቶ አልቆ ነበር፤ ጠበቃው እንደሚያሸንፉ አውቀዋል። ዕርቁ ጉዳዩን ያዳክመዋል ብለው አሰቡ። ለእናታችን አንዲት ቃል አልነገሯቸውም። የዚያን ዕለት ምሳ አብረን በልተናል።

በዚህ አገር ሽማግሌ የመለሰ ሰው ምን እንደሚባል ለእናንተ አልነግራችሁም። አቶ ሰውአገኝ እኅታቸው ሽማግሌ መለሰች ብለው አመኑ፤ ለምን አያምኑ? በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው «ከእንግዲህ ሞቷ ሞቴ አይደለም፤ በሞቴም አትድረስብኝ» ብለው ማሉ። ሕዝቡም ከእሳቸው ጋር ፈረደ። በዚያ ዓመት ለሰኔ ሚካኤል ከድብ ባሕር የጠራን ሰው አልነበረም፤ እናታችንም ያልጠሯቸው በክሱ ምክንያት መስሏቸው ነበር።

ፍርዱ በሐምሌ ወር 2011 ዓ.ም. ተሰጠ። ግማሹ መሬት ለከሳሽ ተወሰነ። ጠበቃ አምሐ የፍርዱን ግልባጭ በቦርሳቸው ይዘው መጡና እናታቸው ጭን ላይ አስቀመጡት። እናታችን ማኅተሙን አይተው «አያ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ «ይግባኝ አልጠየቀም፤ ጨርሰናል» የሚል ነበር።

መሬቱ በገመድ ሲከፈል አቶ ሰውአገኝ ከቤታቸው አልወጡም። እናታችን ድንበር ላይ ችካል ሲተከል ቆመው አዩ፤ የወንድማቸው በር ዝግ መሆኑንም አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን መሬት ለማንም አላከራዩትም፣ ለእኩል አራሽም አልሰጡትም። ጦሙን አደረ።

አቶ ሰውአገኝ በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. አረፉ። መሐላውን ሰምተው በክሱ ምክንያት መስሏቸው ነበር፤ ቢሆንም እናታችን «የመሐላው ፍዳ በእኔ ላይ ይሁን» ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሄዱ። እኔ አብሬያቸው ነበርኩ። ለቅሶው ውስጥ ሲገቡ የሚያስለቅሱት ሴቶች ዝም አሉ። ሰው መንገድ ለቀቀ፤ ያ ግን የአክብሮት አልነበረም። እናታችን ከወንድማቸው አስከሬን ራቅ ብለው ብቻቸውን ቆመው አለቀሱ።

ከቀብሩ በኋላ አያ ቢያድግልኝ ወደ እሳቸው ቀርበው «ምነው የትነበርሽ፣ ሽማግሌ መልሰሽ ስታበቂ ለሬሳው መምጣትሽ?» አሏቸው። እናታችን «የምን ሽማግሌ?» አሉ።

አያ ቢያድግልኝ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯቸው። ለስላሳውን ሳይቀር ነገሯቸው። የአቶ ሰውአገኝ ልጅ ህሩይ ሰውአገኝ አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር። እናታችን መሬት ላይ ተቀመጡ። ለወንድማቸው ያለቀሱትን ያህል ሁለተኛ ጊዜ አላለቀሱም፤ ይዤያቸው እስክነሳ ድረስ አፈሩን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩ።

ጎንደር እንደገባን ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄዱ። ጠበቃ አምሐ አልዋሹም። «መጥተው ነበር። ለጉዳይሽ አይበጅም ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ማሸነፋችን እርግጥ ነበር፤ አሸንፈናልም» አሉ። እናታችን «ጉዳዩ የማን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናታችን ነገሩን አላነሱትም። ልጃቸው ቤታቸው ሲመጡ ይቀበሏቸዋል፣ ያበሏቸዋል። ለእኔም «ክፉ አልሠራም፤ አልጠየቀኝም እንጂ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን እንደ እሳቸው አልሆንኩም። ከወንድሜ ጋር ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንጂ ጨዋታ የለንም። ሰው በጠላቱ ቢጎዳ ይነሣል፤ በገዛ ልጁ እጅ፣ ያውም ሊጠቅመው ሲደክም፣ ከተጎዳ ለማን ይከሳል?

ዛሬ የወንድሜ ባልደረቦች፣ የጎንደር ጠበቆች፣ ከእኛ ጋር አልቅሳችኋል፤ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቢሯችሁ መጥታ «መሬቱን ተወው» የምትል እናት ብትገጥማችሁ፣ ሕግ አታውቅም ብላችሁ አትለፏት። የምትፈልገውን ታውቃለች፤ የማታውቀው እናንተ ያንን በምን ቋንቋ እንደምትጽፉት ነው። ሽማግሌ ከመጣም የመጣው ለእሷ ነው። መመለስም መቀበልም የእሷ ሥራ ነው።

ይህን ምክር ከራሴ አላመጣሁትም። በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. እናታችን ለእኛም ሳይነግሩ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ወደሚጽፉት ወደ አቶ ኡዘይር ሄዱ። አቶ ኡዘይር የጽሕፈት መኪናቸውን ሳይነኩ «እናቴ፣ ይህ ወረቀት ባለቀ ማግሥት ምን ሆኖ ማየት ይፈልጋሉ?» ብለው ጠየቋቸው። እናታችን ከጧት እስከ ምሳ ሰዓት አወሯቸው። አቶ ኡዘይር በዚያን ዕለት ምንም አልጻፉም። «ይህ ማመልከቻ አይደለም፤ ሰው ነው የሚያስፈልግዎ። የወንድምዎን ልጅ ይዘውልኝ ይምጡ» አሏቸው። እናታችን ወደ ቤት ሲመለሱ ከሰባት ዓመት ወዲህ አይቼው የማላውቀው ፊት ይዘው ገቡ። «ምንዳዬ፣ ዛሬ ሰው ሰማኝ» አሉኝ።

ህሩይ ጎንደር መጥቶ ሦስቱ ተቀመጡ። አቶ ኡዘይር የጻፉት ወረቀት አንድ ገጽ አይሞላም። እናታችን በፍርድ ያገኙትን ድርሻ ለህሩይ በስጦታ ይመልሳሉ፤ ህሩይም ኮሚቴው ፊት ቆሞ አባቱ ሊናገሩት የነበረውን በአባቱ ፈንታ ይናገራል። ቀኑ ለሰኔ ሚካኤል ተቆረጠ። ጠበቃ አምሐ ሲሰሙ በፍርድ የተገኘ መብት በነጻ መስጠት ትክክል አይደለም ብለው ተቃወሙ። እናታችን በዚህ ጊዜ አልሰሟቸውም።

ቀኑ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ። ማኪና አልነበረም። ሲከፈት ደግሞ እናታችን ታመሙ። ከነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም በሆስፒታልና በቤት ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ህሩይ ኮሚቴው ፊት ሲናገር ሳይሰሙ ዐረፉ። የመጨረሻ ልመናቸው ድብ ባሕር፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እናኑ አጠገብ እንዲቀበሩ ነበር።

ስለ መቃብሩ ስንመካከር ጠበቃ አምሐ «የአባቷ አጥቢያ ነው፤ መቀበር መብቷ ነው፤ የሚከለክል ካለ እኔ አለሁ» አሉ። የሚከለክል አልነበረም። ሬሳውን ይዘን ለመነሳት ስንዘጋጅ ህሩይ ስልክ ደወለ። ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳይልክበት፣ ከመንደሩ ጎልማሶች ጋር የአክስቱን መቃብር ከአያቱ ጎን ቆፍሮ ጨርሷል። አምሐ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ሰማው። ከዚያ ተቀመጠ።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አምሐ ሙሉውን እንዲያነበው ሰጠሁት። እንዲቆረጥለት የሚፈልገውን ቆርጦ ይመልስልኛል ብዬ ነበር። አንድም ቃል አልቆረጠም። ወረቀቱን ሲመልስልኝ «ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ ይህን ጥያቄ ከወንድሜ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰዓቱ ያለፈበት ጥያቄ ነው፤ ለምትገባት ሴት አልደረሰላትም። ቂሜም በአንድ ጥያቄ አልወጣም። ቢሆንም መለስኩለት። በኵር ልጅ ነህና ማንበቡ ያንተ ወግ ነው፤ ለህሩይ ልቀቅለት አልኩት። ልቀቅለት ያልኩት ወግ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። አምሐ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ሄዶ ለህሩይ ሰጠው። ስለዚህ አሁን ይህን የሚያነብላችሁ ህሩይ ሰውአገኝ ነው።

ወይዘሮ የትነበርሽ አዳነ ልጆቻቸውን አምሐ መዝሙርን እና ምንዳዬ መዝሙርን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ የወንድማቸውን ልጅ ህሩይ ሰውአገኝን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቋቸው፣ በቀብራቸው ለተገኙት፣ ለአቶ ኡዘይርና ለቅዳሜ ገበያ ነጋዴዎች ቤተሰቡ ምስጋና ያቀርባል። አያ ቢያድግልኝ፣ የላኩዎት ሰውም የተላኩባት ሴትም ዛሬ አንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው፤ ሽማግሌ የመለሰች ሴት እዚህ አልተቀበረችም።

የመሬት ኮሚቴው አባላትም በመካከላችን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ህሩይ፣ እዚህ ላይ ስትደርስ ቀና በልና ወደ እነሱ ዞረህ አንብበው።

አቶ አዳነ ውቤ እና ወይዘሮ እናኑ ፈንቴ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። አንደኛው አባቴ ሰውአገኝ ነው። ሁለተኛዋ የአባቴ እኅት የትነበርሽ ናት። በምድር ሰሚ የዘገየባትን ነፍሷን፣ ሳይነግሩት የሚያውቅ አምላክ ይቀበልልን። አሜን።